ለእንግዳ የሚታየውና በቤት የሚነገረው፤ በኖቫ ስኮሺያ ስላለው የስኮትላንዳውያን ቅርስ አጠባበቅ የቀረበ ሒስ

፩. የጥያቄው መነሻ

አንድ ሕዝብ የተወለደበትን አገር ለቆ ባሕር ማዶ በሰፈረ ጊዜ፥ ቅርሱን ጠብቋል ወይስ ጥሏል ተብሎ የሚፈረድበት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን በሚታየው ነገር ነው። የአባቶቹን ልብስ ለብሶ በአደባባይ ከታየ፥ በዓሉን በየዓመቱ ካከበረ፥ ሰንደቅ ዓላማውን ከሰቀለ፥ ጠብቋል ይባላል። ይህ አፈራረድ ቀላል ስለ ሆነ የተለመደ ነው፤ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸንኑ ጥያቄ በአንድ በታወቀ ምሳሌ መመርመር ነው። ምሳሌውም በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው ኖቫ ስኮሺያ የተባለው ክፍለ ሀገር ነው። ስሙ በላቲን ቋንቋ «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ማለት ሲሆን፥ የወጣለትም የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በ1621 ዓ.ም. አገሩን ለሰር ዊልያም አሌክሳንደር በሰጡ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህን ክፍለ ሀገር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ዓይነት የቅርስ አጠባበቅ ጎን ለጎን ስለሚታይበት ነው። አንደኛው ለእንግዳ የሚታየው ነው፤ ይኸውም ልብሱ፥ ሰልፉና በየአውራ ጎዳናው የቆመው ምልክት ነው። ሁለተኛው በቤት የሚነገረው ነው፤ ይኸውም ቋንቋው፥ ዘፈኑና ተረቱ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብም ዝናም አገኘ። ሁለተኛው ግን ያው ክብረ በዓል በደመቀበት ዘመን እየመነመነ ሄደ።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው ግልጥ ለማድረግ ያህል፥ አንድ ቅርስ ሕያው ነው የሚባለው ጥንታዊ ስለ ሆነ ወይም ስላማረ አይመስለንም። ሕያው የሚሆነው ከሚጠብቀው ሰው አንድ ነገር የሚጠይቅ እንደ ሆነ ነው፤ ጊዜውን፥ ትምህርቱን፥ ትዕግሥቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ጥቅሙን። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዚህ መለኪያ ይመዘናል።

፪. የተሰደዱት ሰዎች እነማን ነበሩ?

ስኮትላንድ ከጥንት ጀምሮ ደጋና ቈላ ተብላ በሁለት ትከፈላለች። የቈላው ሰው ለእንግሊዝኛ የቀረበ ቋንቋ ሲናገር፥ የደጋውና የምዕራባዊ ደሴቶች ሰው ግን ጋሊክ የተባለውን ከአይርላንድ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ይናገር ነበር። በ1746 ዓ.ም. በኩሎደን ሜዳ የልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ጦር ድል ከተመታ በኋላ፥ የለንደን መንግሥት የደገኛውን ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን የባለ ርስቱ ጠባይ መለወጥ ነበር። ቀድሞ የጎሣው አባት የነበረው አለቃ እንደ ማንኛውም ባለ መሬት ኪራይ ሰብሳቢ ሆነ፤ በግ ከሰው የበለጠ ገንዘብ የሚያስገባ መሆኑን ባወቀ ጊዜም ገበሬውን አስነሥቶ በምትኩ በግ አሰማራ።

በ1773 ዓ.ም. ሄክተር የተባለች መርከብ ሁለት መቶ የሚያህሉ ሰዎችን ጭና ከሎክ ብሩም ተነሥታ በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ ወደ ፒክቱ ደረሰች። በመንገድም ፈንጣጣና ተቅማጥ ገብቶ ብዙ ሕፃናት አለቁ። ከዚያ ወዲህ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ጋሊክ ተናጋሪዎች ተከታትለው መጡ፤ ብዙዎቹም ኬፕ ብሬተን በተባለችው ደሴት ሰፈሩ። አሰፋፈራቸውም በዘመድና በሃይማኖት ነበር። ከባራና ከሳውዝ ዊስት የመጡት ካቶሊኮች በአንድ ወገን፥ ከሉዊስና ከሃሪስ የመጡት ፕሮቴስታንቶች በሌላ ወገን ተሰብስበው ኖሩ። በዚህ ምክንያት የመንደሩ ቋንቋ፥ የጸሎቱም የጠቡም ቋንቋ፥ ጋሊክ ሆኖ ቀረ። የሰው ስም እንኳ የሚጠራው በአባትና በአያት እየተያያዘ ነበር፤ አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የማን ልጅ፥ የማን የልጅ ልጅ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ አጠራር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

እነዚህ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሀብት በቃል የሚተላለፍ ነበር። በ1819 ዓ.ም. ከታይሪ ደሴት የተሰደደው ጆን ማክሌን በአንድ ባለ ርስት ቤት ባለቅኔ የነበረ ሰው ነው። ኖቫ ስኮሺያ እንደ ደረሰ የገጠመው ግጥም የጫካውን ጨለማ፥ የብርዱን ጽናትና ስደተኛውን በተስፋ ቃል ያታለሉትን ደላሎች የሚወቅስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ ይህ ግጥም ያለፈውን አገር ለማስታወስ ብቻ የተገጠመ አለመሆኑ ነው። በአሮጌው ሥርዓት ስለ አዲሱ ኑሮ ይናገራል። ቅርሱ ያን ጊዜ የሚጠበቅ ዕቃ አልነበረም፤ ሰው የሚያስብበት መሣሪያ ነበር።

፫. ቋንቋው እንዴት መነመነ?

በ1890 ዓ.ም. ቶማስ ሮበርት ማኪንስ የተባሉ የካናዳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፥ ጋሊክ በመንግሥት ሥራ እንዲሠራበት የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። በዚያ ዘመን በምክር ቤቱ ውስጥ ቋንቋውን የሚናገሩ አባሎች ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ረቂቁ በ7 ድምፅ ድጋፍና በ42 ድምፅ ተቃውሞ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆናታን ማኪነን በኬፕ ብሬተን በምትገኘው በሲድኒ ከተማ «ማክ ታላ» የተባለውን ጋዜጣ በሙሉ በጋሊክ ማሳተም ጀመሩ። ትርጓሜው የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ጋዜጣው እስከ 1904 ዓ.ም. ቆይቶ ቆመ።

መንስኤውን በአንድ ባላጋራ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ያስተምር ነበር። የከሰል ድንጋይ ጕድጓዱና የሲድኒ የብረት ፋብሪካ ሥራም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ ቦስተን ተሻግሮ እንጀራ የፈለገውም ወጣት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ነው። ወላጆች ይህን ስላወቁ፥ እርስ በርሳቸው በጋሊክ እየተነጋገሩ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማሳደግ ጀመሩ። ያደረጉትም ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የካናዳ ሕዝብ ቈጠራ፥ በኖቫ ስኮሺያ የጋሊክ ቋንቋዎችን እናውቃለን ያሉት 1,275 ሰዎች ሲሆኑ፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉት 300 ብቻ ነበሩ።

፬. ለእንግዳ የቀረበው ስኮትላንድ

እንግዲህ ቋንቋው በዚህ ዓይነት እየጠፋ በሄደበት ዘመን፥ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ኖቫ ስኮሺያን በስኮትላንድነቷ ለዓለም ማስተዋወቅ ጀመረ። የዚህ ሥራ ዋና መሪ ከ1933 እስከ 1940፥ እንደ ገናም ከ1945 እስከ 1954 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አንገስ ማክዶናልድ ናቸው። እሳቸው የኬፕ ብሬተን ተወላጅ ነበሩ፤ ለደገኞች ታሪክ የነበራቸው ፍቅርም ከልብ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ዘመኑ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ስለ ነበረ፥ ፍቅሩና የቱሪስት ገንዘብ ፍላጎቱ ተቀላቀሉ።

ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው በኬፕ ብሬተን ሃይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተሠራው ጎጆ ነው። ይህ በ1942 ዓ.ም. የቆመው ቤት በስኮትላንድ ደጋ እረኞች ያድሩበት የነበረውን የድንጋይ ጎጆ አስመስሎ የተሠራ ነው። ወደ ኬፕ ብሬተን የመጡት ሰፋሪዎች ግን የሠሩት የግንድ ቤት ነበር፤ ጫካ ባለበት አገር እንጨት ትቶ ድንጋይ የሚክብ ገበሬ የለም። ስለዚህ ጎጆው ማንም ያልኖረበትን ኑሮ ያስታውሳል። ሰፋሪዎቹ በእርግጥ ያደረጉት ታላቅ ሥራ፥ ማለት ጫካ መንጥሮ ቤት መሥራት፥ በዚህ መታሰቢያ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌ የኖቫ ስኮሺያ ታርታን ነው። ታርታን ማለት የልዩ ልዩ ቀለም ክር እየተጠላለፈ የሚሸመንበት ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ነው። በ1953 ዓ.ም. በትሩሮ ከተማ ለተደረገ የእርሻ ኤግዚቢሽን ስለ በግ እርባታ የሚናገር ሥዕል በተዘጋጀ ጊዜ፥ ቤሲ መሪ የተባሉ የእጅ ሥራ ባለሙያ ኪልት የለበሰ እረኛ አኖሩበት። ለአንድ ጎሣ ያደላሁ እንዳልባል ብለውም የማንም ያልሆነ አዲስ ጥለት ፈጠሩ፤ ሰማያዊው የባሕሩን፥ አረንጓዴው የጫካውን፥ ነጩ የድንጋዩንና የማዕበሉን አረፋ መልክ እንዲያሳይ ተደረገ። ጥለቱ ተወደደ፤ ውሎ አድሮም የክፍለ ሀገሩ ይፋዊ ምልክት ሆነ። በዚህ ሥዕል ውስጥ ያለውን ምጸት ማስተዋል ይገባል። ደገኞቹን ከአገራቸው ያስነሣቸው በግ ነው፤ የባሕር ማዶ ልጆቻቸው መለያ የሆነውም ጥለት የተወለደው የበግ እርባታን ለማወደስ ከተዘጋጀ ሥዕል ነው።

የትምህርት ሥራ ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ቄስ ኤ. ደብልዩ. አር. ማኬንዚ በ1938 ዓ.ም. በሴንት አንስ የጋሊክ ኮሌጅ አቋቁመው ነበር። ዳሩ ግን የኮሌጁ ዝና ለብዙ ዓመታት የቆመው በቋንቋው ላይ ሳይሆን በሰልፍ፥ በውዝዋዜና በታርታን ሽመና ላይ ነበር፤ እነዚህንም ትምህርቶች ጋሊክ ሳያውቁ መማር ይቻል ነበር። በስሙና በሥራው መካከል ያለው ርቀት የጠቅላላው ዘመን ምሳሌ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር ይነሣል። ክፍለ ሀገሩ በሙሉ ስኮትላንዳዊ ነው ከተባለ፥ ሌሎቹ ወዴት ይግቡ? ምድሪቱ ከሁሉ በፊት የሚክማቅ ሕዝብ ናት። በፈረንሳይኛ ተናጋሪነታቸው የታወቁት አካዲያውያን ከ1755 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚያው አገር በግፍ ተባረዋል። ጥቁሮች ኖቫ ስኮሺያውያንም ከሄክተር መምጣት ጥቂት ዓመታት በኋላ ጀምሮ በብዛት የሰፈሩ ናቸው። መፈናቀልን የሚያስታውስ በዓል በሌሎች ላይ የደረሰውን መፈናቀል የሚሸፍን ከሆነ፥ ስደትን ያስተምራል ለማለት አስቸጋሪ ነው።

፭. ሊቃውንቱ የሰጡት ፍርድ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሒስ በ1983 ዓ.ም. ኤሪክ ሆብስቦምና ቴሬንስ ሬንጀር ባሳተሙት ስለ ተፈጠሩ ልማዶች በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው የሂዩ ትሬቨር ሮፐር ድርሰት ነው። እኚህ የታሪክ ሊቅ እንደሚሉት፥ ዛሬ የሚታየውን አጭር ኪልት በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ያስገባው ቶማስ ሮውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ዓ.ም. ኤዲንብራን በጎበኙ ጊዜ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ያዘጋጁት ሥነ ሥርዓት የደገኛውን ልብስ የመላው ስኮትላንድ ልብስ አደረገው። በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ሶቢየስኪ ስቱዋርት ተብለው የሚጠሩ ሁለት ወንድማማቾች የየጎሣውን ታርታን ጥንታዊ አስመስለው በሐሰተኛ መጽሐፍ አወጡ።

ይህ ሒስ ብዙ ውሸት ስላጋለጠ ሊመሰገን ይገባዋል። ጉድለቱ ግን መለኪያው ዕድሜ መሆኑ ላይ ነው። ኪልቱ አዲስ ነው፥ ስለዚህ ሐሰት ነው፤ ታርታኑ የተፈጠረ ነው፥ ስለዚህ ባዶ ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ከሄድን፥ የማክሌን ግጥምም በ1819 ዓ.ም. ስደት ምክንያት የተፈጠረ አዲስ ነገር ስለ ሆነ ሐሰት ሊባል ነው። ልማድ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው ጀምሮታል። ደግሞም ትሬቨር ሮፐር የመረመሩት መኳንንቱና ነጋዴው ለዓይን ያቀረቡትን ነው፤ በጋሊክ የተዘፈነውንና የተተረከውን የአይርላንድ ትርፍራፊ አድርገው በቀላሉ አለፉት። ስለዚህ ሰልፈኛውና ተቺው ሳይታወቃቸው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሁለቱም የደገኛው ቅርስ ልብሱ ነው ብለው ተነሡ።

ኢያን ማኬይ የተባሉት ካናዳዊ የታሪክ ሊቅ በ1992 ዓ.ም. ስለ ኖቫ ስኮሺያ የጻፉት ጥናት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያነሣል። እሳቸው የሚጠይቁት ልማዱ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ሳይሆን ማን አቋቋመው፥ ማንስ ተጠቀመበት ብለው ነው፤ የማክዶናልድን መንግሥትና የቱሪስት ንግድን ግንኙነትም በሚገባ ያሳያሉ። ነገር ግን የጥናታቸው ዓይን በመንግሥትና በገበያ ላይ ያረፈ ነው። በቤት ውስጥ ምን ቀረ የሚለውን ለማወቅ ወደ ቤቱ መግባት ያስፈልጋል።

፮. በቤት የቀረው

በኬፕ ብሬተን መንደሮች አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ እንዲወፍር ሴቶች ረጅም ገበታ ከብበው እርጥቡን ጨርቅ እየመቱ ይዘፍኑ ነበር። ሥራው እንደ ደቦ ነው፤ አንዷ ግጥሙን ታወጣለች፥ ሌሎቹ አዝማቹን ይቀበላሉ፥ እጅም በዘፈኑ ልክ ይወርዳል። ፋብሪካ የሠራው ጨርቅ በየሱቁ በገባ ጊዜ ሥራው ቀረ። ዘፈኑ ግን አልቀረም፤ ወንዶችም ገብተውበት፥ ማወፈር ለማያስፈልገው ጨርቅ ዙሪያ ተቀምጠው መዝፈኑን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይህስ ቢሆን ትርኢት አይደለምን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራው ከጠፋ ገበታውም እንደ ድንጋዩ ጎጆ የማስመሰያ ዕቃ ሆኗልና። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። በጎጆው ፊት የቆመ ሰው ከመመልከት በቀር ምንም አይጠየቅም። በገበታው ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ግን አዝማቹን መቀበል አለበት፤ ለመቀበልም ቃሉን መያዝ፥ ለማውጣት ደግሞ ብዙ ግጥም ማወቅ ያስፈልገዋል። ዓላማው ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። ጆን ሎርን ካምቤል በ1937 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከማርጋሬት ፌይ ሾው ጋር ኬፕ ብሬተን ሄደው የቀረጹት ዘፈን እንደዚህ ባለው ልማድ ተጠብቆ የቆየ ነው።

የቫዮሊኑም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን ተጫዋች እየጠፋ ነው የሚል ፊልም አሳየ። የደሴቲቱ ሰዎች በአባባሉ ተቈጡ፤ ቍጣቸውንም በጋዜጣ ክርክር አልጨረሱትም። ማኅበር አቋቋሙ፥ ለልጆች ትምህርት ከፈቱ፥ በ1973 ዓ.ም. በግሌንዴል ብዙ ተጫዋቾችን ሰብስበው ታላቅ በዓል አደረጉ። ዛሬ የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን በዓለም የታወቀ ነው። ይህ ሙዚቃ የዳነው ልጅ ከአዋቂ ጎን ተቀምጦ ብዙ ዓመት መልመድ ስለሚያስፈልገውና ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው።

ስለ ባግፓይፕም በፍርዳችን ሚዛን መጠበቅ ይገባል። ይህ ስልቻ ያለበት የትንፋሽ መሣሪያ በየሰልፉ የሚታይ ቢሆንም የብዙ ዓመት ልምምድ የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ትርኢት ሊባል አይችልም። ቢሆንም ለውድድርና ለወታደር ሰልፍ የወጣው ደንብ በተስፋፋ ጊዜ፥ በመንደር ለጭፈራ በጆሮ ብቻ ተለምዶ ይነፋ የነበረው አነፋፍ ተገፍቶ ሊጠፋ ደረሰ። በአደባባይ ያሸነፈው በቤት የነበረውን እንደ ስሕተት አስቈጠረው።

፯. አንድ ልብ ወለድ

ከላይ ያልነውን በሥነ ጽሑፍ ለመፈተን የአሊስተር ማክላውድን «ኖ ግሬት ሚስቺፍ» የተባለ ልብ ወለድ እንመልከት። መጽሐፉ በ1999 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን በ2001 ዓ.ም. በደብሊን የሚሰጠውን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። በ2014 ዓ.ም. የሞቱት ደራሲ ያደጉት በዚያው በኬፕ ብሬተን ነው። ታሪኩን የሚነግረው አሌክሳንደር ማክዶናልድ በኦንታሪዮ የሀብታሞችን ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም ነው። ወላጆቹ በበረዶ ላይ ሲሻገሩ ሰጥመው ስለ ሞቱ ከመንትያ እኅቱ ጋር በአያቶቹ ቤት አድጓል። ታላቅ ወንድሙ ካለም ግን ያደገው በማጣት ነው፤ ማዕድን ቈፋሪ ሆነ፥ ሰው ገድሎ ታሰረ፥ አሁንም በቶሮንቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በመጠጥ ይኖራል።

የመጽሐፉ ብርታት ቅርስን እንደ ዕዳ ማሳየቱ ነው። ሐኪሙ ስኮትላንዳዊነቱን የሚያስመሰክረው በልብስ አይደለም። መኪናውን አስነሥቶ ብዙ ሰዓት ነድቶ ያን የሰከረ ወንድሙን በመጠየቁ ነው፤ በመጨረሻም ሊሞት የቀረበውን ካለምን ይዞ በማዕበል መካከል ወደ ደሴቲቱ ይመልሰዋል። እንደዚህ ያለው ታማኝነት ክፉም እንደሚሆን ደራሲው አልሸሸጉም። ጎሣው ከአሜሪካ ከጦር ግዳጅ ሸሽቶ የመጣውን ዘመዱን የሥጋ ልጅ ነው ብሎ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ከዚህም የተነሣ ከኩቤክ ማዕድን ቈፋሪዎች ጋር ጠብ ይነሣና የሰው ነፍስ ይጠፋል። እነዚያው ባላጋሮች ግን ከዚህ በፊት ቋንቋ ሳይገጥማቸው በቫዮሊን ተግባብተው ነበር። ቅርስ የሚጠይቀው ሁሉ መልካም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው ይጠቀማል።

ጉድለቱ ደግሞ የሥጋ ዝምድናን ከልክ በላይ ማክበሩ ነው። መንትያዋ እኅት ወደ ስኮትላንድ ሄዳ የጥንት አባቶቿ በተነሡበት በሞይዳርት ጠረፍ ከአንዲት አሮጊት ጋር ስትገናኝ፥ አሮጊቷ መልኳን አይታ የዚህ አገር ልጅ መሆኗን ታውቃለች፤ እሷም ሳታስበው በጋሊክ ስትናገር ራሷን ታገኛለች። ትዕይንቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን ቋንቋ እንደ ጠጕር ቀለም ከደም አይወርድም። ልጅቱ ጋሊክ የቻለችው አያቶቿ በቤታቸው በየቀኑ ይናገሩት ስለ ነበረ ነው። ያ ቤት ባይኖር ኖሮ ቀይ ጠጕሯ አንድ ቃል እንኳ ባላስተማራት ነበር። ደራሲው ራሳቸው የአያቶቹን ቤት በዝርዝር ስለሚያሳዩን፥ ማስረጃው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

፰. መደምደሚያ

ለሚታየው ቅርስ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በአንቲጎኒሽ ከ1863 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው የደገኞች ጨዋታ በዓል፥ ታርታኑም ሰልፉም፥ ሰው በዘሩ እንዳያፍር አድርገዋል፤ በሰልፉ በር ገብተው ወደ ቋንቋው የደረሱም አሉ ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በር የሚጠቅመው ከኋላው ቤት ሲኖር ነው፤ በኖቫ ስኮሺያ ለብዙ ዓመታት በሩ ሲቀባ ቤቱ ይፈርስ ነበር።

ዛሬ አስተሳሰቡ ተለውጧል። በ2006 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የጋሊክ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ተማሪው ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አብሮ እየዋለ፥ ሻይ እያፈላና ምግብ እየሠራ የሚማርበት ዘዴ ተስፋፍቷል፤ የሴንት አንሱም ኮሌጅ ወደ ስሙ ተመልሶ ለቋንቋው ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቷል። ተናጋሪዎቹ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ውጤቱን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የሥራው አቅጣጫ ግን ትክክል ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ልጅ ከአዋቂ እንዲማር እንጂ እንግዳ እንዲያይ ብቻ አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው የአሠራር ትምህርት ነው። ስለ አንድ ሕዝብ ቅርስ ለማጥናት ስንነሣ፥ ልማዱ ስንት ዓመቱ ነው ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ብናቀርብ መልካም ነው። ልማዱ ከሚጠብቀው ሰው ምን ይጠይቃል? ከማንስ ይማሩታል? እንግዳ በሌለበት ቀንስ ይደረጋልን? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ አጥኚው ራሱ እንግዳ ስለ ሆነ እሱ ባለበት ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ በአንድ በዓል ቀን ሄዶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በማግሥቱ መመለስ አይበቃም። በዓሉ ካለፈ በኋላ በመንደሩ መቈየት፥ ልጆቹ በምን ቋንቋ እንደሚጣሉና አሮጊቶቹ ለማን እንደሚተርኩ ማዳመጥ ያስፈልጋል።